ዳኛው አንድ፣ ተመልካቹ ሌላ፦ የዩሮቪዥን ውጤት ለምን በየዓመቱ ሰው ያጨቃጭቃል?

የአውሮፓ የዘፈን ውድድር የሆነው የዩሮቪዥን ፍጻሜ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ይሄ ሰዓት ሙቀቱ ገና ያልለቀቀበት ነው። ከዚራ ላይ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ንፋስ ይጠብቃል። አንዳንዱ ስልኩን ፔርሙስ ላይ አስደግፎ በዩቲዩብ ቀጥታ ያያል። አሸናፊው ሲታወቅ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ይቃረባል፤ ያን ሰዓት ድረስ የሚቆይ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ውድድሩን የሚያገኘው እሑድ ጠዋት፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ተቆራርጦ ነው።

ክርክሩም የሚጀምረው እዚያው ነው። አንዱ “በጠራራ ፀሐይ ተሰረቀ” ይላል። ሌላው “ሕዝቡ የመረጠውን ዳኛ ነጠቀው” ይላል። ሦስተኛው “ኧረ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ሰርከስ?” ብሎ ያልፋል። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ከዘፈን ወጥቷል። ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በእስራኤል ተሳትፎ ጉዳይ ጄኔቫ ላይ የተካሄደውን የውድድሩን ባለቤት ኅብረት ስብሰባ ተከትሎ ስፔን፣ አየርላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ስሎቬኒያና አይስላንድ ከ2026ቱ ውድድር ራሳቸውን አውጥተዋል። የ2024ቱ አሸናፊ የስዊዘርላንዱ ኔሞ ዋንጫውን እመልሳለሁ ብሏል። (“ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ሁሉ መሃል የጠፋው ዋናው ጥያቄ ነው። ድምፁ እንዴት ይቆጠራል? አቆጣጠሩ ሳይገባን “ተሰረቀ” ማለትም፣ “አልተሰረቀም” ማለትም እኩል ባዶ ነው። ይሄ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ቆጠራው ነው።

ውድድሩ የማን ነው?

ዩሮቪዥን የጀመረው በ1956 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሉጋኖ ከተማ ነው። ያኔ ሰባት አገሮች ብቻ ነበሩ። ባለቤቱ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ይባላል፤ የመንግሥታት ሳይሆን የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች ማኅበር ነው። ይሄን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚወዳደሩት በወረቀት ላይ ጣቢያዎቹ እንጂ አገሮቹ አይደሉም። ባንዲራው ግን የአገር ነው፣ የሚያለቅሰውም የሚጨፍረውም በአገሩ ስም ነው። ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ መደበላለቅ ነው።

“እስራኤል እንዴት አውሮፓ ሆነች?” የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ በየዓመቱ ይነሳል። መልሱ የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነው። ኅብረቱ አባል የሚቀበልበት የስርጭት ክልል በደቡብ በኩል በ30 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ የተሰመረ ሲሆን፣ የሜዲትራኒያንን ዳርቻ ሁሉ ያካትታል። ስለዚህ እስራኤል ከ1973 ጀምሮ ትወዳደራለች። ሞሮኮም በ1980 አንድ ጊዜ ገብታ ነበር። ከጣሊያን 7 ነጥብ አግኝታ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ድሬዳዋ ያለችው 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለሆነ እኛ ከመስመሩ በጣም ርቀን ነው ያለነው። አውስትራሊያ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በግብዣ ነው የምትሳተፈው።

ዘፈን ነው ወይስ ትርኢት?

ይሄኛው ቅሬታ አጭር መልስ አለው። ደንቡ ራሱ ወደ ትርኢት ይገፋል። አንድ ዘፈን ከ3 ደቂቃ ማለፍ አይችልም። መድረክ ላይ ከ6 ሰው በላይ አይወጣም። ዋናው ድምፃዊ በቀጥታ መዝፈን አለበት፤ መሣሪያው ግን የተቀዳ ነው። ከ1999 ጀምሮ ኦርኬስትራ ቀርቷል። ጊታር አንጠልጥሎ የሚያጎነብሰው ልጅ እየተጫወተ አይደለም፣ እያስመሰለ ነው። እንደ ድሮው የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የመሣሪያ ቅብብል የሚጠብቅ አድማጭ እዚህ አያገኘውም።

26 ዘፈን በአንድ ሌሊት ተራ በተራ ሲያልፍ፣ ተመልካች መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው ሦስት አራቱን ነው። ስለዚህ ሁሉም እንዳይረሳ ይሯሯጣል። እሳት፣ ጭስ፣ የሚገለባበጥ መድረክ፣ ያልተለመደ ልብስ። ቤተሰብ ሰብስቦ የሚያይ ሰው በአለባበሱ ቢሸማቀቅና ቢዘጋው አይፈረድበትም። ግን ትርኢቱ ከዘፋኙ ዕብደት የመጣ ሳይሆን ከደንቡ የመጣ ነው።

58 ነጥብ፣ ሁለት ጊዜ

አሁን ወደ ቆጠራው እንግባ።

እያንዳንዱ አገር ሁለት ዓይነት ነጥብ ይሰጣል። አንዱን የሚሰጡት ዳኞች ናቸው፤ “ጁሪ” የሚባሉት። ዘፋኞች፣ የሙዚቃ ደራሲዎች፣ ፕሮዲዩሰሮች፣ የሬዲዮ የሙዚቃ ሰዎች ናቸው። እስከ 2025 በየአገሩ አምስት ነበሩ። ሌላውን የሚሰጠው ተመልካች ነው፤ “ቴሌቮት” ይሉታል። ድሮ በስልክ ነበር፣ አሁን በአጭር መልእክትና በኢንተርኔትም ነው።

ዳኞቹ 12፣ 10፣ ከዚያ ከ8 እስከ 1 ለአሥር ዘፈኖች ይሰጣሉ። ሲደመር 58 ነው። ተመልካቹም ያንኑ 58 ይሰጣል። ለራስ አገር መስጠት አይቻልም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ “የተቀረው ዓለም” የሚባል ተጨመረ። ከተወዳዳሪ አገሮች ውጭ በኢንተርኔት የሚመርጥ ሰው ሁሉ ተደምሮ እንደ አንድ አገር ተመልካች ይቆጠራል። ድምፁ የሚከፈለው ውጭ አገር በሚሠራ የባንክ ካርድ ስለሆነ የብር ካርድና ቴሌብር ይዞ ለተቀመጠ ሰው በሩ ዝግ ነው። ቢከፈትም የእኛ ድምፅ ከአሜሪካውና ከብራዚሉ ጋር ተቀላቅሎ አንድ 12 ነጥብ ነው የሚያወጣው።

ይሄ አሠራር ከሰማይ አልወረደም። ከ1998 ጀምሮ ለዓመታት በአብዛኛው የተመልካች ድምፅ ብቻ ነበር የሚወስነው። ያኔ ቅሬታው ጎረቤት ለጎረቤት ይሰጣል የሚል ነበር። ግሪክና ቆጵሮስ 12 ነጥብ መለዋወጣቸው እንደ ሰርግ ብድር የታወቀ ነው። ጀርመን የሚኖሩ ቱርኮችም ለቱርክ ደጋግመው ከፍተኛውን ነጥብ ሲሰጡ ታይቷል። ይሄን ለመመጠን በ2009 ዳኞች ተመልሰው ግማሹን ያዙ። ቱርክ በአሠራሩ ላይ ቅሬታዋን አሰምታ ከ2012 በኋላ ቀረች። እያንዳንዱ ጥገና አዲስ ተቆጪ አፍርቷል።

ዳያስፖራ ለትውልድ አገሩ መስጠቱ ለድሬና ለሐረር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ግማሽ ዘመዱ ቶሮንቶ ወይ ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው፣ ኢትዮጵያ ብትወዳደር ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ያ ማጭበርበር አይደለም፣ ናፍቆት ነው። ግን ቆጠራው ናፍቆትንና የዘፈን ምርጫን መለየት አይችልም።

ዜሮ ማለት ማንም አልመረጠም ማለት አይደለም

በ2025 ባዝል ላይ አስተናጋጇ ስዊዘርላንድ ከዳኞች 214 ነጥብ አገኘች። ከተመልካች ዜሮ። ብሪታንያም ከዳኞች 88፣ ከተመልካች ዜሮ። ያ ቅጽበት በቪዲዮ ተቆርጦ ዓለምን ዞረ፤ የስዊዘርላንዷ ዘፋኝ ፊት፣ የአዳራሹ ዝምታ። አስተያየቱም “አንድ ሰው እንኳ አልመረጣትም” የሚል ነበር።

ይሄ ስህተት ነው። ተመልካች ነጥብ የሚሰጠው ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ለወጡት ብቻ ነው። በሁሉም አገር 11ኛ የወጣ ዘፈን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ድምፅ ቢሰበስብም የሚያገኘው ዜሮ ነው። ማንንም ያላስቀየመ፣ ማንንም ግን ከወንበሩ ያላስነሳ ዘፈን እዚህ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ዳኞች ዘንድ ያው ዘፈን ይከበራል።

ለምን? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዳኛና ተመልካች የተጠየቁት አንድ ጥያቄ አይደለም

ዳኛ ሁሉንም ዘፈን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ማስያዝ አለበት። የሚጠላውንም ጭምር። የድምፅ ችሎታን፣ የመድረክ አቀራረብን፣ የዘፈኑን ድርሰትና አዲስነት፣ አጠቃላይ ስሜቱን እንዲመዝን ታዟል። ስለዚህ ዳኞች ፊት የሚያሸንፈው ሁሉም ሁለተኛ ሦስተኛ የሚያደርገው ዘፈን ነው። አንዱ ዳኛ አንደኛ ብሎ ሌሎቹ ሃያኛ ያደረጉት ይወድቃል።

ተመልካች ግን ደረጃ አያወጣም። የሚወደውን ብቻ ይመርጣል፣ የሚጠላውን መቅጣት አይችልም። መቃወሚያ ቁልፍ የለም። ግማሹ አገር የሚጠላው ዘፈን፣ ሌላው ሩብ ካበደለት አንደኛ ይወጣል።

አንዱ “ማንን ታከብራለህ?” ተባለ። ሌላው “ለማን ብለህ ሳንቲምህን ታወጣለህ?” ተባለ። መልሱ ቢለያይ ምን ይገርማል?

ሊቨርፑል ላይ በ2023 የሆነው ይሄን በደንብ ያሳያል። ለስዊድን የዘፈነችው ሎሪን ከዳኞች 340 ነጥብ ሰበሰበች። ከዳኞች ሁለተኛ የወጣችው እስራኤል 177 ነበራት፤ ልዩነቱን እዩት። የፊንላንዱ ካሪያ ደግሞ አረንጓዴ እጅጌ ለብሶ፣ ደረቱን ገልጦ እየጮኸ የሚጨፍር ነው፤ ዳኞች 150 ሰጡት። የዳኞች ነጥብ እየተነበበ ሳለ አዳራሹ “ቻ ቻ ቻ” እያለ የእሱን ዘፈን ይጮህ ነበር። የተመልካች ነጥብ ሲመጣ ካሪያ 376 ወስዶ 526 ላይ ቆመ። ሎሪን ለማሸነፍ ከተመልካች 187 ያስፈልጋት ነበር። 243 መጣላት። ድምሩ 583 ሆነ፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች።

ተሰረቀ? አልተሰረቀም። ሎሪን ከተመልካችም ሁለተኛ ነበረች። በሁለቱም ሚዛን የተወደደ አሸነፈ፣ በአንዱ ብቻ የተወደደ ተሸነፈ። ግን 376 የሰጠው ሕዝብ ቤቱ ሲገባ የተሰማው ሽንፈት እውነተኛ ነው፣ በሒሳብ ትምህርት አይጠፋም።

በዚያ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት እኛ የምናየውን መድረክ አይተው አይደለም። ቅዳሜ ማታ የሚታየው ውድድር አርብ ማታ ሙሉ ልምምድ ይደረግበታል፣ ዳኞች የሚፈርዱት በዚያ ነው። አንድ ድምፃዊ ቅዳሜ ድምፁ ቢሰነጠቅ የአርቡ ነጥቡ አይነካም። ተመልካች “እንዴት ይሄን አልሰሙም?” ሲል ልክ ነው፤ አልሰሙም።

ዳኛም መልአክ አይደለም። በ2022 ቱሪን ላይ በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ የስድስት አገሮች ዳኞች ድምፅ ያልተለመደ አካሄድ ታየበትና ኅብረቱ ድምፃቸውን ሰርዞ በስሌት ተካው። አምስት ሰው ማሳመን ከአምስት ሚሊዮን ይቀላል።

አንድ ሺህ መራጭ ድሬ ላይ ቢኖር

ቁጥሩን ወደ ቤት እናምጣው። ድሬዳዋ ውስጥ 1,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። 25 ዘፈን አለ። እስከ 2025 በነበረው ደንብ አንድ ሰው በአንድ የክፍያ መንገድ እስከ 20 ድምፅ መስጠት ይችል ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ 100 ሰዎች፣ ከሳቢያን በሏቸው ከመጋላ፣ አንድ ዘፈን ላይ ተስማሙ። ሁሉም 20 ድምፁን እዚያ ላይ ጨረሰ። 2,000 ድምፅ ሆነ። የቀሩት 900 ሰዎች እያዩ፣ ቡና እየጠጡ፣ ደስ ላላቸው አንድ አንድ ድምፅ ሰጡ። ያ 900 ድምፅ በ24 ዘፈን ሲበተን በአማካይ ለአንዱ 38 እንኳ አይሞላም። ከመሃላቸው በጣም የተወደደው ሲሶውን ቢወስድ 300 ነው። ከመቶ አሥሩ ሰው 12 ነጥቡን ወሰደ።

ማንም አላጭበረበረም። ሁሉም በደንቡ ሄደ።

አሁን ኅብረቱ ያደረገውን እንሞክር። ከ2026 ጀምሮ 20 የነበረው ጣሪያ 10 ሆኗል። መቶዎቹ 1,000 ድምፅ ይኖራቸዋል። ከ300 ይበልጣል። አሁንም አንደኛ ናቸው። ጣሪያው ልዩነቱን አጠበበ እንጂ ደረጃውን አልቀየረም። የሚቀየረው የቀሩት ሰዎችም ደጋግመው ሲመርጡና አንድ ሁለት ዘፈን ላይ ሲሰባሰቡ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የኔን አቋም ልበል፦ ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው፣ ግን ችግሩን ፈታ ብሎ ማወጅ ሕዝብን ማሳሳት ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ እስካልሆነ ድረስ፣ ቆጠራው የሚለካው ስንት ሰው እንደወደደ ሳይሆን ምን ያህል አምርሮ እንደወደደ ነው።

የባዝል ሌሊትና የጄኔቫው ውሳኔ

ይሄ ሒሳብ ከፖለቲካ ጋር ሲገናኝ ነው ነገሩ የሚፈነዳው።

በ2025 ለእስራኤል የዘፈነችው ዩቫል ራፋኤል ከዳኞች 60፣ ከተመልካች 297 ነጥብ አገኘች። ከተመልካች አንደኛ ነበረች። የኦስትሪያው ጄጄ ከዳኞች 258 ይዞ መጨረሻ ላይ ሲጠራ እስራኤል በ357 አናት ላይ ነበረች። 100 ነጥብ ይበቃው ነበር። 178 መጣለትና በ436 አሸነፈ። በ2024ም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ እስራኤል ከዳኞች 52፣ ከተመልካች 323።

ይሄን እንዴት እንረዳው? ሁለት ንባብ አለ፣ ሁለቱም መሠረት አላቸው።

የመጀመሪያው፦ ሰዎች ከልባቸው መረጡ። ራፋኤል በጥቅምት 7 ቀን 2023 እስራኤል ውስጥ በኖቫ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ከደረሰው ጥቃት የተረፈች ናት። ሐዘኔታ ድምፅ ሲያመጣ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ2022 ጦርነት ላይ የነበረችው ዩክሬን ከተመልካች 439 ነጥብ ስታገኝ አብዛኛው አውሮፓ አጨብጭቧል። ያኔ ሐዘኔታን ተቀብሎ ዛሬ መንቀፍ ሚዛን አይደለም ይላሉ።

ሁለተኛው፦ የእስራኤል መንግሥት የማስታወቂያ ተቋም በየማኅበራዊ ገጹ በተለያየ ቋንቋ “20 ጊዜ ምረጡ” የሚል የተከፈለበት ማስታወቂያ አሰራጭቷል። ይሄን የኅብረቱ የራሱ የማጣራት ክፍል ዘግቦታል። ከላይ ያየነውን የመቶ ሰው ሒሳብ እዚህ አስገቡት። የቀረው ሕዝብ በ25 ዘፈን ተበትኖ፣ አንድ ወገን በመንግሥት ገንዘብ ተቀስቅሶ ሲሰባሰብ ውጤቱ ምን እንደሚመስል ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ጋዛ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው እያለቀ እንዳልሆነ ሆኖ መዝፈን የማይዋጥላቸው ብዙ ናቸው። ድሬና ሐረር ላይም ብዙ ሰው ነገሩን የሚያየው ከዚህ አቅጣጫ ነው፣ ከጋዛ የሚመጣውን ምስል በየቀኑ ያያልና።

ኅብረቱ ድምፁ ተመርምሮ ትክክለኛ ነው ብሏል። የስፔን ጣቢያ የቆጠራ ምርመራ ጠይቋል። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ሳይገባባ ያወራል። ድምፁ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ መሆኑ ግን ስንት ሰው እንደሆነ አይነግረንም። ኅብረቱ የየአገሩን ነጥብና ደረጃ ያወጣል፣ የድምፁን ቁጥር ግን አያወጣም። ስንት ሰው ስንት ጊዜ እንደመረጠ ቢወጣ ክርክሩ በግማሽ ይቀንሳል። ገበያ ላይ ሚዛኑን ደብቆ “ኪሎው ሙሉ ነው” የሚል ነጋዴ፣ ኪሎው ሙሉ ቢሆንም አይታመንም።

“ሩሲያ ወጥታ እስራኤል ለምን ቀረች?” የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ከባዱ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት፣ የካቲት 25 ቀን 2022፣ ከውድድሩ ተወግዳለች። ኅብረቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ትወዳደራለች ብሎ ነበር፤ ሐሳቡን ያስቀየረው የአባል ጣቢያዎች ቁጣ ነው። ስለ እስራኤል የሚሰጠው መልስ ውድድሩ የጣቢያዎች እንጂ የመንግሥታት አይደለም፣ የእስራኤሉ ጣቢያ “ካን” የአባልነት ግዴታውን ይወጣል የሚል ነው። በወረቀት ያስኬዳል። ግን የ2022ቱን ውሳኔ ያመጣው የወረቀት ደንብ ሳይሆን የአባላት ጫና ከነበረ፣ ዛሬም ጫና ያላቸው አባላት ለምን አልተሰሙም ማለታቸው ተገቢ ነው። በሌላ በኩል፣ በየጦርነቱ ማን ይውጣ ማን ይቅር ብሎ ድምፅ የሚሰጥ የዘፈን ውድድር ወዴት እንደሚሄድ የሚፈሩም አሉ። እርስ በርስ የተዋጉት አዘርባጃንና አርሜኒያ ሁለቱም አባል ናቸው፣ ያ ስጋት ባዶ አይደለም።

ጄኔቫ ላይ አብላጫው አባል አዲሱን ደንብ ተቀበለና በእስራኤል ተሳትፎ ላይ የተለየ ድምፅ አያስፈልግም አለ። አምስቱ አገሮች የወጡት ከዚያ ነው። ስፔን ከትልልቆቹ ከፋዮች አንዷ ናት፤ ከብሪታንያ፣ ከጀርመን፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በቀጥታ ፍጻሜ የምትገባ ነበረች። አየርላንድ ደግሞ ሰባት ጊዜ አሸንፋለች፤ በዚህ የሚስተካከላት ስዊድን ብቻ ናት።

ይሄ እኛን ምን ይመለከተናል?

በሁለት በኩል ይመለከተናል።

አንደኛው አማርኛ ነው። በ2020 እስራኤልን እንድትወክል የተመረጠችው ኤደን አለነ ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ልታቀርበው የነበረው ዘፈን ርእሱ “ፍቅር ልቤ” ነው፤ ከእንግሊዝኛ፣ ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ጋር አማርኛ አለበት። በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ፣ አማርኛውም እዚያ መድረክ ላይ ሳይሰማ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሮተርዳም ላይ በሌላ ዘፈን ቀርባ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። ከዳኞች 73፣ ከተመልካች 20። በዚያው ሌሊት ለሳን ማሪኖ የዘፈነችው ሰንሂት የኤርትራ ተወላጅ ናት። ሁለት የሐበሻ ልጆች በአንድ ፍጻሜ ላይ ነበሩ፣ እኛ ዘንድ ግን ወሬው ብዙም አልተሰማም።

በማያውቁት ቋንቋ ዘፈን መስማት ለዚህ አካባቢ ሰው ችግር ሆኖ አያውቅም። የድሬው ልጅ ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ ዘፍኗል። ሰርግ ቤት ቃሉ ያልገባው ሰው ከገባው እኩል ይጨፍር ነበር። ዩሮቪዥን እስከ 1998 ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ይዝፈን የሚል ደንብ ነበረው። ከ1999 ጀምሮ ነፃ ሲሆን አብዛኛው ወደ እንግሊዝኛ ሮጠ። ለኔ የውድድሩ ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው፤ ከነጥቡ ጭቅጭቅ ይልቅ። በ2017 ፖርቱጋል በፖርቱጋልኛ፣ በ2021 ጣሊያን በጣሊያንኛ ማሸነፋቸው ሌላም መንገድ እንዳለ አሳይቷል።

ሁለተኛው የራሳችን ውድድሮች ናቸው። ባላገሩ አይዶልም ሆነ ፋና ላምሮት ሲተላለፉ የምንሰማው ቅሬታ ቃል በቃል ያው ነው። “ዳኞቹ አልወደዱትም እንጂ ሕዝቡ ይወደዋል።” “ገንዘብ ያለው ዘመድ በአጭር መልእክት አሳለፈው።” “የከተማው ልጅ ስለሆነ ነው።” አንድ የድሬ ልጅ ፍጻሜ ቢደርስ ከተማው ሙሉ ስልኩን አንስቶ ይነሳል፣ ሐረርም ለልጇ እንዲሁ። በክፍያ የሚሰጥና ተደጋጋሚ የሆነ ድምፅ ባለበት ሁሉ የመቶው ሰው ሒሳብ ይሠራል። እንዲህ ያለ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው የዳኞችን ነጥብና የሕዝቡን ነጥብ ለየብቻ ለሕዝብ ቢያሳይ፣ ዩሮቪዥን ከ2016 ጀምሮ እንደሚያደርገው ማለት ነው፣ ቢያንስ ሰው የሚከራከርበትን ነገር ያውቃል። ከዚያም አልፎ ስንት የተለያየ ስልክ እንደመረጠ ቢገልጽ፣ ከአውሮፓውያኑ በልጦ ተገኘ ማለት ነው።

ቪየና ላይ ምን ይጠበቃል?

ኦስትሪያ ስላሸነፈች 70ኛው ውድድር ቪየና ነው፤ ፍጻሜው ግንቦት 16 ቀን 2026፣ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ። 35 አገሮች ይወዳደራሉ። የወጡት አምስት ቢሆኑም ቡልጋሪያ፣ ሮማኒያና ሞልዶቫ ተመልሰዋል።

ከድምፅ ጣሪያው ሌላ ሁለት ለውጥ አለ። ዳኞች በ2023 ከተወገዱበት ግማሽ ፍጻሜ ተመልሰዋል። ቁጥራቸውም በየአገሩ ከአምስት ወደ ሰባት ከፍ ብሏል፤ ቢያንስ ሁለቱ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 መሆን አለበት። የመጀመሪያው ለውጥ እንደ ካሪያ ያሉትን ጯሂና አስቂኝ ዘፈኖች ወደ ፍጻሜ እንዳይደርሱ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው የዳኞችን ጆሮ ወደ ወጣቱ ሊያቀርብ ይችላል። መንግሥት የሚከፍልበት የተጋነነ ቅስቀሳም እንዲቀር ተብሏል። ይሄኛው በወረቀት ይቀላል፣ ለመያዝ ግን ይከብዳል፤ ማስታወቂያው በመንግሥት ስም ባይወጣ በደጋፊ ስም ይወጣልና።

ስፔንና ኔዘርላንድስ ስለሌሉ የሚጠፋው ገንዘብና ተመልካች ብቻ አይደለም። የእነሱ ዳኞችና የእነሱ ሕዝብ ነጥብም የለም። ስለዚህ የቪየናን ቁጥር ከባዝል ጋር አወዳድሮ “ድጋፉ ጨመረ” ወይም “ቀነሰ” ማለት አይቻልም፤ መራጩ ራሱ ተቀይሯል። ኩርፊያ ላይ ያለው ሕዝብ ውድድሩን ካላየ አይመርጥም፣ የቀረው ሰው ድርሻ ደግሞ በዚያው ልክ ይከብዳል።

ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ መቆየት የሚችል ሰው ሰሌዳው ላይ ከድምሩ ይልቅ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ይይ፤ የዳኞቹን ለብቻ፣ የተመልካቹን ለብቻ። እሑድ ጠዋት ቴሌግራም ላይ “ተሰረቀ” የሚል ቪዲዮ ሲደርሰው፣ የትኛው ቁጥር ተቆርጦ እንደወጣ ወዲያው ያውቀዋል።